ሻምፓኝ ለሠርግ፣ ዕዳ ለትዳር?

መቼም ሠርግና ሻምፓኝ ዛሬ ዛሬ እንደ ድፎ ዳቦና ቢላዋ አይነጣጠሉም። "ቷ!" ካላለ የተሞሸረ የማይመስለው ሞልቷል።

አንድ ጓደኛዬ ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው "አማቶቼ ፊትማ አላፍርም" ብሎ ተበደረና የፈረንሳይ ሻምፓኝ ገዛ። በሠርጉ ዕለት ሚዜው አንዱን ጠርሙስ ወዝውዞ አፈነዳው። ግማሹ ኬኩ ላይ፣ ግማሹ ቬሎው ላይ ቀረ። ከሁለተኛው ጠርሙስ አማቲቱ ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደው "ውይ! ይሄ ደግሞ የምን ሆምጣጤ ነው?" አሉ። ሙሽራው መግቢያ አጣ። ዕዳው ሲመጣ ደግሞ ሙሽሪት "ማን ግዛ አለህ?" ብላ ተነሳች። ይኸው እስከ ዛሬ ነገሩ በተነሳ ቁጥር ይኳረፋሉ።

ውድ አንባብያን፣ የልጁ ጥፋት መግዛቱ ብቻ አይደለም፤ የሚገዛውን አለማወቁ ነው። አረፋ ያለው ሁሉ አንድ ይመስለናል። ልዩነቱ ግን አረፋው የት ተወለደ የሚለው ላይ ነው።

አንደኛ፦ ጠርሙሱ ውስጥ። ዋናው ሻምፓኝ ስሙን ያገኘው ከፓሪስ ሰሜን ምሥራቅ ካለው የሻምፓኝ አውራጃ ነው። መጀመሪያ አረፋ የሌለው ወይን ይጠመቃል። ከዚያ ጠርሙስ ውስጥ ከስኳርና ከእርሾ ጋር ይታሸጋል። ወይኑ ታፍኖ እንደገና ይፈላል፤ መውጫ ያጣው ጋዝ እዚያው ይሟሟል። ከዚያ አተላው ላይ ቢያንስ 12 ወር ይተኛል። እኛ አተላ ለከብት እንሰጣለን፤ እነሱ ግን ያንን የትኩስ ዳቦ ሽታ የሚያገኙት ከአተላው ነው። በመጨረሻም ጠርሙሱን እያዞሩ በአፉ ይደፉትና አንገቱ ላይ የተጠራቀመውን አተላ አቀዝቅዘው ያስፈነጥሩታል። አንዱ የውድነቱ ምክንያት ይህ ሁሉ ልፋት ነው። የስፔኑ ካቫም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ዋጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል።

ሁለተኛ፦ ታንክ ውስጥ። ጣሊያናዊው ፌዴሪኮ ማርቲኖቲ በ1895 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበውን ዘዴ ፈረንሳዊው ሻርማ በ1907 አሻሻለው። ሁለተኛው ፍላት በትልቅ ዝግ ታንክ ውስጥ ይካሄዳል። አብዛኛው ፕሮሴኮ እንዲህ ነው የሚሠራው። አተላው ላይ ብዙ ስለማይቆይ የዳቦ ሽታ የለውም፤ የፍራፍሬና የአበባ ሽታው ግን አይጠፋም። ዋጋውም ቀለል ይላል። የጣሊያኑ አስቲ ደግሞ ስኳሩ ፈልቶ ሳያልቅ ስለሚያቆሙት ጣፋጭ ነው፤ አልኮሉም ዝቅ ያለ ነው።

ሦስተኛ፦ ከውጭ የተሞላ። ልክ እንደ ለስላሳ ጋዝ ይነፉበታል። አረፋው ግር ብሎ ይነሳና ቶሎ ይጠፋል። ለመርጨት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ይኸው ይበቃችኋል!

ሌላው ወጥመድ ስኳሩ ነው። ጓደኛዬ የገዛው "ብሩት" የሚል ነበር፤ ይህ በሊትር ከ12 ግራም በታች ስኳር ያለው ማለት ነው። "ኤክስትራ ድራይ" ስሙ ያስፈራል እንጂ ከብሩት ይጣፍጣል። "ደሚ ሴክ" ከ32 እስከ 50 ግራም አለው። ጣፋጭ ለሚወዱ እናቶችና አባቶች ደሚ ሴክ ወይም አስቲ ቢቀርብ ማንም ፊቱን አያጨማድድም።

አከፋፈቱንም ልብ በሉ። ሻምፓኝ ውስጥ ያለው ግፊት የመኪና ጎማን ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ቡሹ ዓይን ያጠፋል። በደንብ አቀዝቅዙት፤ አትወዝውዙት። ሽቦውን ስትፈቱ አውራ ጣታችሁ ከቡሹ ላይ አይነሳ። ጠርሙሱን ሰው ወደሌለበት አዘንብሉ፤ ቡሹን ይዛችሁ ጠርሙሱን አዙሩ። "ቷ" ሳይሆን "እስስ" ካለ ጎበዝ ናችሁ።

እና እናንተ ለመሞሸር የተሰናዳችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ይሄ ሊጠጣ ነው ወይስ ሊረጭ? የሚጠጣውስ ማነው? መልሱን ደግሞ ብቻችሁን ሳይሆን ከእጮኛችሁ ጋር ሆናችሁ ፈልጉ። አረፋው በደቂቃዎች ይጠፋል፤ ዕዳው ግን አብሯችሁ ጎጆ ይወጣል። መልካም ጋብቻ!