በሬዲዮ የሚላክ ጽሑፍን በትንሽ ወጪ ማንበብ

የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከፍቶ ጣቢያ የሚፈልግ ሰው ሁለት ቀጫጭን ድምፆች በፍጥነት ሲፈራረቁ መስማቱ አይቀርም። ብዙዎቻችን ረብሻ ነው ብለን እናልፈዋለን። አንዳንዱ ግን ጽሑፍ ነው፤ ሬዲዮ ቴሌታይፕ ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፊደል በ5 ምልክቶች ይላካል፤ ምልክቱ ወይ የመጀመሪያው ድምፅ ነው ወይ ሁለተኛው። ከ5 ምልክቶች የሚገኘው 32 ቅንብር ብቻ ስለሆነ የላቲን ፊደላትና ቁጥሮች አንድ ኮድ ይጋራሉ። የትኛው እንደተፈለገ የሚነግረን ቀድሞ የሚላክ መቀየሪያ ምልክት ነው። እሱ በመንገድ ከጠፋ 599 የሚለው ቁጥር «ቲ ኦ ኦ» ሆኖ ይወጣል። ብዙ ጀማሪ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ የተበላሸ ነገር ግን የለም።

ወጪውን በተመለከተ ምክራችን አንድ ነው፦ መጀመሪያ ምንም አይግዙ። በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ መቀበያ ማንም ሰው በኢንተርኔት በነፃ የሚያዳምጠው ነው። ድምፁን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ኤፍ ኤል ዲጂ የተባለው ፕሮግራምም ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። ድምፁን በስልክ ከፍተው ስልኩን ከላፕቶፑ ማይክ አጠገብ ማስቀመጥ ለጅምር ይበቃል።

ለልምምድ የጀርመን የአየር ትንበያ አገልግሎትን እንመርጣለን። በሐምቡርግ አጠገብ ካለችው ፒነበርግ ለመርከቦች የባሕር አየር ሁኔታን በ4583፣ በ7646 እና በ10100.8 ኪሎኸርዝ ያሠራጫል። ኢንተርኔት በማይደርስበት ባሕር ላይ ላለ ትንሽ ጀልባ ይህ ጽሑፍ ቀላል ነገር አይደለም። መቀበያውን ዩ ኤስ ቢ ላይ ያድርጉ (የኬብሉን አይደለም፤ የሬዲዮ አቀባበል ዓይነት ነው)፤ ለ7646 ቁጥሩን 7645 ላይ ያቁሙ። በፕሮግራሙ ፍጥነቱን 50 ባውድ፣ የድምፆቹን ርቀት 450 ኸርዝ ያድርጉ። ድምፁ ጠንካራ ሆኖ ጽሑፉ ትርጉም ካጣ «ሪቨርስ» የሚለውን ይጫኑ፤ ሁለቱ ድምፆች ቦታ ተለዋውጠው ይሆናል። በመልእክቶች መሐል «አር ዋይ አር ዋይ» እያለ የሚደጋግመው ለማስተካከያ ነው። አማተሮች ግን 45.45 ባውድና 170 ኸርዝ ይጠቀማሉ።

ከወደዱት በኋላ በዩ ኤስ ቢ የሚሰካውን አነስተኛ መቀበያ መግዛት ይቻላል። ሻጩን አጭር ሞገድ ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ርካሾቹ ብዙዎቹ ከ24 ሜጋኸርዝ በታች አይወርዱም። ለአንቴና ከ10 ሜትር ያላነሰ ሽቦ ከመስኮት ውጪ ይዘርጉ፤ ከኤል ኢ ዲ አምፖልና ከቻርጀር ያርቁት። መላክ ከፈለጉ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ኢንሻአላህ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።