የማሸጊያው ሕግ ሲቀየር ተጠያቂው ማን ነው?

የተቆላ ቡና የሚሸጥበትን ከረጢት ቀደው ቢያዩት ውጭው ጠንከር ያለ ፕላስቲክ፣ መሐሉ ስስ አሉሚኒየም፣ ውስጡ ደግሞ በሙቀት የሚጣበቅ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። ከቡናው የሚወጣውን ጋዝ የሚያስተነፍስ ትንሽ ቫልቭም ተገጥሞለታል። ሦስቱ ንጣፎች በሙጫ አንድ ስለሆኑ ለይቶ መልሶ ማምረት አስቸጋሪ ነው፤ ከረጢቱ አገልግሎቱን ሲጨርስ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ለቡናው ግን ሁነኛ ልብስ ነው። ብርሃን፣ አየርና እርጥበት አያስገባም፤ መዓዛውን ለወራት ይዞ ያቆያል። ቡናውን አዲስ አበባ ቆልቶና አሽጎ አውሮፓ ለመሸጥ የተነሳ ድርጅት ጣጣው የሚጀምረው ከዚሁ ከረጢት ነው።

ጥያቄው ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ደንብ ዕቃውን ሸጦ ማሸጊያውን ለማዘጋጃ ቤት ጥሎ መሄድ ቀረ፤ የመሰብሰቢያውንና የመልሶ ማምረቻውን ወጪ ባለ ምርቱ እንዲሸፍን ተደረገ። የአውሮፓ ኅብረትም በ1994 ለአባላቱ ሁሉ መመሪያ አወጣ። መመሪያ ግን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ የሚያስፈጽመው ስለሆነ ምልክቱም፣ ምዝገባውም፣ ክፍያውም በየአገሩ ተለያየ። ቆሻሻውም አልቀነሰም፤ በ2022 አንድ የኅብረቱ ነዋሪ በአማካይ ከ186 ኪሎ ግራም በላይ የማሸጊያ ቆሻሻ አውጥቷል። በዚህ ምክንያት መመሪያው ቀርቶ በሁሉም አገር በቀጥታ የሚሠራ ደንብ ተተካ። ቁጥሩ 2025/40 ነው። በየካቲት 2025 ጸና፤ አብዛኛው ድንጋጌ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ከነሐሴ 12 ቀን 2026 ጀምሮ ነው። እነዚህ ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።

የእኛው አገር መንገድ ሌላ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ፈቃድ ከለከለ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ከመነሻው የታመመ ነው ባይ ነኝ። መርካቶ ውስጥ ሁለት ፌስታል ይዞ የትኛው 0.03፣ የትኛው 0.04 እንደሆነ በዓይኑ የሚለይ ማን ነው? ስሱ ፌስታል ከገበያው ሳይጠፋ ዓመታት አለፉ። የቀጠናችን አገሮች የመረጡት ቀለል ያለውን መስመር ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ ደግሞ በነሐሴ 2017 ውፍረት ሳይቆጥሩ ፌስታልን ራሱን ከለከሉ። ኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው አዲስ አዋጅ ወደዚያው ሄደች፤ ፌስታል ይዞ የተገኘ ሰው ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር እንዲቀጣ፣ የሚያመርተውና የሚያስገባው ደግሞ ከዚያ እጅግ በከበደ ቅጣት እንዲጠየቅ ተደነገገ።

የሁለቱን ሕጎች ጠባይ መለየት ለባለ ምርቱ ዋናው ነገር ነው። የእኛ ሕግ «ይህን ዕቃ አትያዝ» ይላል። የአውሮፓው ደግሞ «ያዝ፣ ግን ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራና የት እንደሚደርስ በወረቀት አስረዳ» ይላል። ለመጀመሪያው ዕቃ መቀየር ይበቃል። ለሁለተኛው አይበቃም፤ ብዙ ድርጅት የሚሰናከለውም ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ቆጥሮ «አረንጓዴ» የተባለ ከረጢት ገዝቶ በማረፉ ነው።

ደንቡ ሲዘረዘር ቁጥሩ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2030 ጀምሮ ገበያ ላይ የሚውል ማሸጊያ ሁሉ መልሶ ሊመረት የሚችል መሆን አለበት፤ ለዚህም ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚል ደረጃ ይሰጠዋል፣ በ2038 ደግሞ ሲ ይወጣል። በዚያው በ2030 ምግብ የሚነካ ፕላስቲክ ፔት ከተባለው ዓይነት የተሠራ ከሆነ 30 በመቶው፣ ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ከሆነ 10 በመቶው ከተጣለ ፕላስቲክ የተገኘ እንዲሆን ይጠበቃል። የማጓጓዣ ካርቶን ውስጥ የሚቀረው ባዶ ቦታ ከግማሽ አይበልጥም። በቀለምና በሙጫ አድርገው የሚገቡት እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪና አደገኛው የክሮሚየም ዓይነት ተደምረው በኪሎ ግራም ከ100 ሚሊ ግራም ማለፍ የለባቸውም። ወረቀት ቅባት እንዳያሳልፍ የሚቀባው ፒፋስ የተባለ የኬሚካል ቤተሰብም ምግብ በሚነካ ማሸጊያ ላይ ከነሐሴ 2026 ጀምሮ ጥብቅ ገደብ ተደርጎበታል።

ከቁጥሮቹ ይልቅ ግን ብዙዎች የሚስቱት የተጠያቂውን ማንነት ነው። በደንቡ ቋንቋ የማሸጊያው «አምራች» ፋብሪካው ብቻ አይደለም። ከረጢቱን ቻይና ወይም ቱርክ አሳትሞ የራሱን ስምና ዓርማ ያስቀመጠበት የአዲስ አበባ ቡና ቆዪም አምራች ነው። ማሸጊያው ሕጉን እንደሚያሟላ መርምሮ መግለጫውን የሚፈርመው፣ የቴክኒክ ሰነዱንም ለአንድ ጊዜ አገልግሎት ማሸጊያ 5 ዓመት የሚያስቀምጠው እሱ ነው። የቆሻሻውን ክፍያ የሚከፍለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው፣ ማለትም ዕቃውን በዚያ አገር መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው አስመጪ ነው። አስመጪውም መግለጫው በእጁ ሳይኖር ዕቃውን ወደ ገበያ ማስገባት አይፈቀድለትም። በስልክ «እሺ፣ እንልካለን» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከማሽን ግዢ ሳይሆን ከመዝገብ ነው። ከረጢቱ፣ ቫልቩ፣ ተለጣፊው፣ ካርቶኑ፣ የካርቶኑ ማሸጊያ ቴፕ እያንዳንዳቸው ስንት ግራም ይመዝናሉ? ከምን ተሠሩ? ቀለማቸውና ሙጫቸው ምንድን ነው? አቅራቢው ስለ ከባድ ብረቶቹና ስለ ፒፋስ የምርመራ ወረቀት ይሰጣል ወይስ ዝም ይላል? ጥሬ ቡና የሚላክበት የ60 ኪሎ ጆንያና ውስጡ የሚገባው ፕላስቲክ ሳይቀር ማሸጊያ ነው፤ ከመዝገቡ አይቀርም። ይህን ሁሉ የጻፈ ድርጅት ሕጉ ነገ ቢቀየር የሚያስተካክለው አንድ መስመር ነው። ያልጻፈው ግን በየለውጡ ከባዶ ይጀምራል። የሚዛን ዋጋ ካልሆነ በቀር ወጪው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ለዲዛይን ገንዘብ የሚያፈስ ድርጅት ለዚህ ሰው ሲመድብ እምብዛም አይታይም።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና «ይበሰብሳል» የተባለ ፕላስቲክ ነው። አብዛኛው የሚበሰብሰው ሙቀቱና እርጥበቱ በተመጠነ የኢንዱስትሪ ማብላያ ውስጥ እንጂ ቆሼ ላይ ተጥሎ አይደለም። ከተራው ፔት ጋር ተደባልቆ ቢሰበሰብ ደግሞ የሌላውን ጥራት ያበላሻል። አውሮፓም ለጥቂት ነገሮች፣ ለምሳሌ ለሻይ ከረጢት፣ ካልሆነ በቀር ይህን መንገድ አላበረታታም። ላዩ ወረቀት፣ ውስጡ ፕላስቲክ የተቀባ ከረጢትም ለዓይን ያምር ይሆናል እንጂ ከቀድሞው ባለ ሦስት ንጣፍ ብዙም አይሻልም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 27 ቀን 2026 ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ጥቅል ቃል ያለ ማስረጃ በማሸጊያ ላይ መጻፍ ይከለከላል።

ለቡናው የሚታየው መውጫ ከረጢቱን በሙሉ ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ፣ ከፖሊኢትሊን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን፣ ሠርቶ አየር የሚከለክል እጅግ ስስ ሽፋን መቀባት ነው። ይቻላል፤ ዋጋ ግን አለው። ውጭውና ውስጡ በተቀራረበ ሙቀት ስለሚቀልጡ ማሸጊያ ማሽኑ ላይ ይጣበቃሉ፤ ሙቀቱን ቀንሶ ማሽኑን ማዘግየት የግድ ይሆናል። የመቆያ ጊዜውም በራስ ቡና፣ በራስ መጋዘን ተፈትኖ እንጂ በአቅራቢው ቃል አይታመንም።

የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ በዚህ መሐል ቆሞ ይስቃል። ሳጥኑን ከነባዶ ጠርሙሱ ሳይመልሱ ወይም መያዣ ሳይከፍሉ አዲስ አለመውሰድ እኛ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ አውሮፓ ደግሞ በ2030 ከመጠጦቹ 10 በመቶው ተመላልሶ በሚሞላ ዕቃ እንዲሸጥ ግብ አስቀምጣለች። ያለንን ለመጣል መቸኮል አያስፈልግም።

ፍራንክፈርት ወይም ኮሎኝ ሱቅ ከፍቶ በርበሬና ሽሮ ከአገር ቤት የሚያስመጣ ወገንም ከዚህ ሕግ ውጪ አይደለም። በጀርመን ሕግ የታሸገ ዕቃ አስመጥቶ ለተጠቃሚ የሚሸጥ ነጋዴ ሉሲድ በተባለው መዝገብ መመዝገብና ለማሸጊያው ክብደት ለሰብሳቢ ድርጅቶች መክፈል አለበት፤ «ትንሽ ነው የምሸጠው» የሚባል ዝቅተኛ ወለል የለም። ምዝገባው በነጻ ነው። የሚያስቸግረው ክብደቱን ማወቅ ስለሆነ ከአገር ቤት ላኪው የከረጢቱን ግራም ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ከረጢት የማሳተሙ ጉዳይ የመጨረሻው ጥንቃቄ ነው። የኅትመት ሲሊንደር ውድ ስለሆነ ማተሚያ ቤቶች በትንሽ ብዛት አይቀበሉም፤ ባለ ምርቱም ዋጋ ለማስቀነስ ለሁለትና ለሦስት ዓመት የሚበቃውን አንዴ ያዛል። የአውሮፓው የጋራ ምልክት ግዴታ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2028 ነው፤ ደረጃው በምን መለኪያ እንደሚሰጥ የሚወስነው ዝርዝርም እስከ 2028 መጀመሪያ እንዲወጣ ቀጠሮ ተይዞለታል። እስከዚያ ድረስ የአንድ ዓመት ብቻ ማሳተም፣ ሊቀየር የሚችለውን ጽሑፍ በተለጣፊ ማድረግ፣ ማሽን የመቀየሩን ውሳኔም መለኪያው እስኪታወቅ ማቆየት ይመረጣል። በነጠላ ዋጋ ትንሽ ያስወድዳል፤ መጋዘን ሙሉ ከረጢት ከመጣል ግን ይረክሳል።