ባህር ዛፍ አልጋ አይሆንም? ስለ ባለ መሳቢያ አልጋ የሚወሩ ነገሮች

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ለሚያይ ሰው እንጨት የሚቸግር አይመስለውም፤ ጋራው ባህር ዛፍ ለብሷል። ታች ሾላ ወይም ኮተቤ ወርዶ ስለ አልጋ ሲጠይቅ ግን መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር «ባህር ዛፉን ተወው» የሚል ነው። አልጋውን በገዛ እጁ ሊሠራ፣ ከሥሩም ብርድ ልብስና ሻንጣ የሚውጥ መሳቢያ ሊያበጅለት ካሰበማ መካሪው ይበዛል። ችግሩ፣ ከምክሩ አብዛኛው ትንሽ ትንሽ እውነት አለበት።

ተረት፦ ባህር ዛፍ ለአጣናና ለማገዶ እንጂ ለቤት ዕቃ አይሆንም

ስሙ የጠፋው በታሪኩ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አዲሲቱ ከተማ በዙሪያዋ የነበረውን ደን ለማገዶና ለግንባታ ስታመናምነው የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ ተተከለ። የተፈለገው ቶሎ እንዲደርስ ነበር፤ ደረሰም። ከዚያ ወዲህ ከተማው የሚያውቀው በአጥር፣ በጭቃ ቤት ማገርና በጭራሮ ሸክም ነው።

እንጦጦን የሸፈነው ነጭ ባህር ዛፍ በእርግጥ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። ግንዱ ውጥረት ይዞ ስለሚያድግ ሲሰነጠቅ ጣውላው ገና መጋዙ ላይ እያለ ሊጎብጥ ይችላል፤ ሲደርቅም ብዙ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። እርጥቡን ገዝቶ በዚያው ሳምንት አልጋ ያደረገ ሰው በበጋው መሳቢያው ተወላግዶ አልዘጋ ሲለው እንጨቱን ይረግማል። የተረገመው እንጨት ግን ከደረቀ በኋላ ከባድና ጠንካራ ነው። ስፔን ውስጥ ጋሊሲያ በሚባለው አካባቢ ከዚሁ ዝርያ የወለል ጣውላና የሕንፃ ተሸካሚ ይሠራል።

ልዩነቱ ማድረቁ ላይ ነው። ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ፣ ጥላ ሥር ይደረደራል፤ ጫፍና ጫፉ ቀለም ይቀባል፣ ምክንያቱም ውሃው ቶሎ የሚወጣው በጫፉ ስለሆነ መሰንጠቅም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጊዜው እንደ ውፍረቱ ከወራት እስከ ዓመት ይሄዳል። መቆየት የማይችል ሰው የደረቀ ይግዛ። ሻጭ ሁሉ «ደርቋል» ስለሚል አንዲት ቁራጭ ወስዶ በየጥቂት ቀኑ በሚዛን ማየት ይሻላል፤ ክብደቷ መቀነሱን ካላቆመ ጣውላው አልደረቀም። ደረቁ ደግሞ ሚስማር አይወድም፤ በመሰርሰሪያ ሳይበሱ ቪቴ ማስገባት መሰንጠቅን መጥራት ነው።

ተረት፦ ሽታው ነፍሳትን ያባርራል፤ ከአልጋ ሥር የተከማቸ ዕቃ ግን ትኋን ይፈለፍላል

ሁለቱም ከአንድ አፍ ይወጣሉ። ያ ሽታ ያለው ዘይት የሚገኘው ቅጠሉ ውስጥ ነው፤ ጣውላው ምንም አያባርርም፣ እንዲያውም ነጣ ያለው የግንዱ ውጫዊ ክፍል ለነቀዝና ለምስጥ የተጋለጠ ነው። ትኋንም ከዕቃ ክምር አይፈጠርም። በሻንጣ፣ በልብስ፣ በተለይም በአሮጌ አልጋና ፍራሽ ተሳፍሮ ይገባል። ከገባ በኋላ የሚፈልገው ከተኛው ሰው ሳይርቅ የሚሸሸግበት ስንጥቅ ነው፤ ደም ሳያገኝም ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ብርድ ልብሱን ከመጠርጠር መጋጠሚያውን በስቱኮ መድፈን፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና ቫርኒሽ መቀባት ይበጃል።

ተረት፦ እንጨቱ በወፈረ ቁጥር አልጋው ይጠነክራል

እዚህ ላይ ብዙ ብር ይባክናል። 5 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሞራሌ በቀጭን ጎኑ ቆሞ ሲገባ፣ ተጋድሞ ከሚገባው 4 እጥፍ መጉበጥን ይቋቋማል። ያው እንጨት፣ ያው ዋጋ! አቋቋሙን ካወቁበት በኋላ የሚቀረው ርቀቱን ማሳጠር ነው። ሜትር ከሃምሳ አልጋ ከራስጌ እስከ ግርጌ በመሐሉ አንድ ተሸካሚ፣ ከተሸካሚውም ሥር እግር ያስፈልገዋል። የመሳቢያዎቹ መከፋፈያ ግድግዳ ይህን ሥራ ደርቦ መሥራት ይችላል፤ በደንብ የታሰበበት ባለ መሳቢያ አልጋ ከተራው የሚበረታው በዚህ ነው። ግድግዳው ቺፑድ ከሆነ ግን ጠርዙ ቪቴ አይዝም፣ ወለል ሲወለወል ውሃ ጠጥቶም ያብጣል። ቺፑድ ለመሳቢያው ፊት ይበቃዋል።

ተረት፦ ከፍራሹ ሥር በኮምፔንሳቶ ድፍን ከተደረገ አቧራ አይገባም

አቧራው ይቀንሳል፤ ሻጋታው ግን ይመጣል። ከተኛ ሰው ገላ የሚወጣው እርጥበት በስፖንጁ በኩል ወርዶ ቀዝቃዛው ሰሌዳ ላይ ይቀራል፤ በክረምት፣ የእንጦጦ ብርድ በሚወርድባቸው ካራና ፈረንሳይ ባሉ ምድር ቤቶች ደግሞ ይብሳል። የድሮው የጠፍር አልጋ ይህን አያውቅም ነበር፣ አየር እንደ ልቡ ያልፍበታልና። ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ክፍተት እየተተወ ርብራብ መምታት፣ የሣጥኑንም ጀርባ በጥቂት ቦታ መብሳት ይበቃል። አቧራ የሚፈራ መሳቢያውን ለብቻው ይክደነው።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አይመክርም፦ መሳቢያ መሳቢያውን የሚያህል ባዶ ቦታ ከፊቱ ይፈልጋል። በኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት ከአልጋው ጎን የሚተርፈው አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ብቻ ከሆነ፣ መሳቢያውን ወደ ግርጌ ማዞር ወይም ከላይ የሚከፈት ክዳን ማድረግ ነው። ክዳኑ በፓምፕ የሚነሳ ከሆነ የፓምፑ ጉልበት ከፍራሹ ክብደት ጋር ይመጣጠን፤ ቀላል ስፖንጅ በብርቱ ፓምፕ ላይ ሲሆን ክዳኑ አልወርድ ይላል።

የካ አባዶን በመሳሰሉ ሰፈሮች አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ተከራይ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ አልጋው በበሩ ይወጣል ወይ የሚለው ነው። ኮላውና ቪቴው ለመሳቢያዎቹ ይሁን፤ ራስጌ፣ ግርጌና ጎኖቹ በብሎን ይታሰሩ፣ እያንዳንዱ መጋጠሚያም በውስጥ በኩል በእርሳስ ቁጥር ይጻፍበት።