ስለ እውነተኛና ስለ ሐሰተኛ መምህር

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ገበያ የሚሠራበት ገንዘብ የንግሥት ማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፥ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ጠገራ ብር ነበረ። ነጋዴው ብሩን በተቀበለ ጊዜ ወዲያው ወደ ከረጢቱ አይጥለውም ነበር። አስቀድሞ አገላብጦ ያየዋል፤ በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቈጥራል፤ አንኳኵቶም ድምፁን ያዳምጣል። ብሩን የሰጠው ሰው በዚህ አይቀየምም ነበር፤ እርሱም በተራው ሲቀበል እንዲሁ ያደርግ ነበርና።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ሰው ለአንድ ብር ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፥ ነፍሱን ለሚመራለት መምህር ይልቁን እንዴት አይጠነቀቅ? ብሩ ሐሰተኛ ቢሆን የሚጠፋው አንድ ብር ነው። መሪው ሐሰተኛ ቢሆን ግን ቤትና ንብረት፥ አንዳንድ ጊዜም ሕይወት ይጠፋል፤ ከጥፋቱ የተረፈውም ሰው ብዙ ጊዜ እውነተኛውን መምህር ደግሞ ማመን ያቅተዋል።

ጌታችን በተራራ ላይ ባስተማረ ጊዜ ሐሰተኞች ነቢያት በውጭ በግ መስለው፥ በውስጣቸው ግን ተኵላ ሆነው እንደሚመጡ አስጠነቀቀ። መለያቸውንም ሲሰጠን እንደ ዛፍ በፍሬያቸው እንደሚታወቁ ነገረን። በልብሳቸው ወይም በንግግራቸው ጣፋጭነት ይታወቃሉ አላለም። በስሙ ትንቢት የተናገሩና ተአምራት ያደረጉ ብዙዎች እንኳ በመጨረሻው ቀን የማይታወቁ እንደሚሆኑ አስተማረ። ስለዚህ ተአምር ብቻውን ምስክር አይሆንም። ፍሬን ለማየት ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ቅጠል ፈጥኖ ይወጣል፥ ፍሬ ግን ጊዜውን ይጠብቃል።

ይህ ነገር በብሉይ ኪዳን ዘመን እንዴት እንደ ሆነ ተመልከቱ። በይሁዳ ንጉሥ በሴዴቅያስ ዘመን ሐናንያ የሚባል ነቢይ በቤተ መቅደስ በካህናትና በሕዝብ ፊት ቆመ። የባቢሎን ንጉሥ የወሰደው የቤተ መቅደሱ ዕቃ ሁሉ፥ የተማረኩትም ሰዎች፥ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳሉ ብሎ በእግዚአብሔር ስም ተናገረ። በዚያው ስፍራ ነቢዩ ኤርምያስ የእንጨት ቀንበር በአንገቱ አድርጎ ቆሞ ነበር። እርሱ የሚናገረው ሕዝቡ ሊሰማው የማይወደውን ነገር ነበር፤ ለባቢሎን ንጉሥ መገዛት የማይቀር መሆኑን ነው። ሁለቱም በአንድ አምላክ ስም ተናገሩ፤ ሁለቱም በአንድ ቤት ቆሙ። ታዲያ ሕዝቡ በምን ይለይ?

ኤርምያስ ሐናንያን ወዲያው አልሰደበውም። አሜን፥ እንዳልከው ይሁን ብሎ መለሰለት፤ ለወገኑ መልካሙን ይመኝ ነበርና። ነገር ግን ሰላምን የሚናገር ነቢይ ቃሉ በተፈጸመ ጊዜ እንደሚታወቅ አሳሰበ። ሐናንያ ቀንበሩን ከኤርምያስ አንገት ወስዶ ሰበረው፤ ኤርምያስም ዝም ብሎ ሄደ። ኋላ ግን ከእግዚአብሔር የታዘዘውን ይዞ ተመለሰ፤ በእንጨቱ ቀንበር ፋንታ የብረት ቀንበር እንደሚመጣ፥ ሐናንያም በሐሰት ሕዝቡን እንዳሳመነ ነገረው። ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ኢየሩሳሌም ፈረሰች። ከዚህ የምንማረው ይህ ነው፤ ሐሰተኛ ነቢይ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ሰዎች አስቀድመው የተመኙትን ነው። ስለዚህ ንግግሩ ሲያስደስተን ይልቁን መመርመር ይገባናል።

ከሐዋርያት በኋላ የተነሡት ክርስቲያኖችም በዚህ ነገር ተቸግረው ነበር። በዚያ ዘመን መምህራንና ነቢያት ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ያስተምሩ ነበር። ምእመናኑ እንግዳ መቀበልን ይወዱ ነበርና፥ አንዳንድ ተንኮለኞች ይህን አይተው የክርስቶስን ስም እየጠሩ ሆዳቸውን ይሞሉ ጀመር። ስለዚህ «የዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ትምህርት» በሚባል መጽሐፍ ውስጥ መለያ ሥርዓት ተጻፈ። መጽሐፉ በ1ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወይም በ2ኛው መጀመሪያ ገደማ እንደ ተጻፈ ብዙ ሊቃውንት ይገምታሉ። ብዙ ዘመን ጠፍቶ ከቆየ በኋላ፥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1873 ፊሎቴዎስ ብርየንዮስ የተባለ የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ በቍስጥንጥንያ አገኘው። ያገኘውም ቅጂ በ1056 የተጻፈ ነበር፤ በ1883ም አሳተመው። ስለ ነቢያት ከሚናገረው ክፍል ግን በግዕዙ ሲኖዶስ ውስጥ ተተርጉሞ ይገኛልና፥ የአገራችን አባቶች ይህን ምክር ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። በጌታ ስም የሚመጣውን ሁሉ መጀመሪያ በደስታ ተቀበሉት፤ ከዚያ በኋላ መርምራችሁ ታውቁታላችሁ ይላል። እየዞረ የሚያስተምር መልእክተኛ አንድ ቀን ይቀመጥ፤ የሚያስፈልግ ከሆነም ሁለተኛውን ቀን ይጨምር። ሦስት ቀን ከተቀመጠ ግን ሐሰተኛ ነው። ሲሄድም እስከሚያድርበት ስፍራ የሚያደርሰውን እንጀራ ብቻ ይውሰድ፤ ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነው። በመንፈስ ተናግሬአለሁ ብሎ ማዕድ እንዲዘጋጅ ቢያዝና ራሱ ከዚያ ማዕድ ቢበላ ሐሰተኛ ነው። በመንፈስ ሆኖ ገንዘብ ስጡኝ ቢል አትስሙት፤ ለችግረኞች ስጡ ቢል ግን ማንም አይፍረድበት። እውነትን እያስተማረ የሚያስተምረውን የማያደርግም ሐሰተኛ ነው።

ይህን ስናነብ አንድ ነገር ያስደንቀናል። ሥርዓቱ ምእመናኑን ወደ ጥልቅ ክርክር አልጠራቸውም። ፊደል ያልቈጠረች ባልቴት እንኳ ልታየው የምትችለውን ነገር ሰጣቸው፤ ስንት ቀን ተቀመጠ? ምን ይዞ ሄደ? ከማዕዱ ማን በላ? የለመነው ለማን ነው? መምህር በቃሉ ሊያታልል ይችላል፤ በእንጀራና በገንዘብ፥ በየዕለቱም ኑሮ ግን ራሱን ለረጅም ጊዜ ሊሰውር አይችልም።

መጽሐፉ በአንድ ወገን ብቻ የሚፈርድ አይደለም። እውነተኛ ነቢይ በመካከላቸው ሊቀመጥ ቢወድ ምግቡ ይገባዋልና፥ ከወይኑና ከአውድማው፥ ከበሬውና ከበጉ በኵራቱን ስጡት ይላል፤ ነቢይ ከሌላችሁም ለድሆች ስጡ ይላል። ሌላም ክርስቲያን ሊቀመጥ ቢወድና የእጅ ሥራ ቢኖረው ሠርቶ ይብላ፤ ሥራ ቢሌለው እንዴት እንደሚኖር አስቡለት፤ ይህን ካልወደደ ግን በክርስቶስ የሚነግድ ሰው ነውና ተጠንቀቁት ብሎ ይመክራል። እንግዲህ መምህር ደመወዝ ወይም ስጦታ መቀበሉ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የእግዚአብሔርን ስም ሸቀጥ ማድረጉ ነው።

በቅዱሳት መጻሕፍት የሚገኙት እውነተኞች መሪዎች በዚህ ነገር ለመመርመር አልፈሩም። ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ ሕዝቡን ሁሉ ሰብስቦ የማንን በሬ ወይም አህያ እንደ ወሰደ፥ ከማንም ጉቦ እንደ ተቀበለ ይመሰክሩበት ዘንድ ጠየቃቸው፤ የከሰሰውም አልተገኘም። ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር። በኢየሩሳሌም ላሉት ድሆች ገንዘብ በተሰበሰበ ጊዜም ብቻውን ሊይዘው አልወደደም፤ ማንም እንዳይነቅፈው አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮት እንዲሄድ አደረገ። እነሆ፥ ታላቁ ሐዋርያ እመኑኝ ብቻ አላለም፤ ሒሳቡን በሰው ፊት አደረገ። ሲሞን የተባለው የሰማርያ ጠንቋይ ግን መንፈስ ቅዱስን የመስጠት ሥልጣን በገንዘብ ሊገዛ ፈለገ፤ ጴጥሮስም ገሠጸው።

ሁለተኛው መለያ ሥልጣን ነው። እውነተኛ መምህር ሰውን ወደ እግዚአብሔር ይመራል፤ ሐሰተኛው ወደ ራሱ ይስባል። መጥምቁ ዮሐንስ ሕዝቡ ትቶት ወደ ጌታችን በሄደ ጊዜ እርሱ ማነስ እንደሚገባው ተናግሮ ደስ አለው። የቤርያ ሰዎችም ጳውሎስ ያስተማራቸው ነገር እንዲሁ እንደ ሆነ መጻሕፍትን ዕለት ዕለት ሲመረምሩ ጳውሎስ አልተቈጣቸውም፤ ስለዚህም ነገር ተመሰገኑ። እንግዲህ አትጠይቁ፥ አትመርምሩ የሚል መምህር ከጳውሎስ እበልጣለሁ ማለቱ ነው።

ይህ ካልተጠበቀ የሚመጣውን ጥፋት የቅርብ ዘመን ታሪክ ያስረዳናል። ጂም ጆንስ የሚባል አሜሪካዊ በመጀመሪያ ድሆችን በመርዳትና ጥቁርንና ነጭን በአንድነት በመሰብሰብ የታወቀ ሰባኪ ነበረ። ስለዚህም ብዙ ሰዎች አከበሩት። ቀስ በቀስ ግን የተከታዮቹን ገንዘብና ንብረት በእጁ አደረገ፤ የሚቃወመውን ያዋርድ ጀመር፤ በመጨረሻም በደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው ወደ ጉያና ዱር ወሰዳቸው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ኅዳር 18 ቀን 1978 ተከታዮቹ መርዝ እንዲጠጡ አዘዘ፤ በዚያም ቀን ከ900 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ከእነርሱም 300 ያህሉ ሕፃናትና ወጣቶች ነበሩ። በጎረቤታችን በኬንያም በ2023 በሻካሆላ ዱር ከ400 የሚበልጥ ሬሳ ከመቃብር ወጣ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ክርስቶስን ለማየት ጹሙ ተብለው በረኃብ የሞቱ ነበሩ። ልጆች ሆይ፥ እነዚህ ሁሉ ክፉ ነገር ፈልገው አልሄዱም፤ መልካም ነገር ፈልገው፥ ሳይመረምሩ ተከተሉ እንጂ። ስለዚህ ከአባትና ከእናት የሚለይ፥ መድኃኒት የሚከለክል፥ ምሥጢር እንድትጠብቁ የሚያስገድድ መሪ ሲመጣ ፈጥናችሁ ለታመነ ሰው ንገሩ።

ነገር ግን በሌላው በኩል ደግሞ እንዳትወድቁ ተጠንቀቁ። መምህር ሁሉ ፍጹም አይደለም፤ ደካማነትና ሐሰተኛነትም አንድ አይደሉም። ጴጥሮስ ጌታውን ክዶ ነበር፤ ነገር ግን አለቀሰ፥ ተመለሰም። ዳዊት ታላቅ በደል በደለ፤ ነቢዩ ናታን በገሠጸው ጊዜ ግን በደሌ ነው አለ እንጂ ናታንን አላሰረውም። ሐሰተኛው መሪ ግን ሲገሥጹት ገሣጩን የእግዚአብሔር ጠላት ያደርገዋል። እንግዲህ መምህርን የምትለዩት ፈጽሞ አልተሳሳተም በማለት አይደለም፤ ሲታረም የሚያደርገውን በማየት ነው። ያላያችሁትን ነገር በወሬ ብቻ አታውሩ፤ የንጹሕን ሰው ስም ማጥፋትም ሐሰተኛ ምስክርነት ነውና።

ሐሰተኛ ብር የሚሠራው እውነተኛ ብር ስላለ ነው። በገበያው ሐሰተኛ ብር ተገኘ ብሎ ነጋዴው መገበያየትን አልተወም፤ አስተውሎ መቀበልን ተማረ እንጂ። እናንተም እንዲሁ በጎ መምህር ስታገኙ አክብሩት፥ ስሙት፥ በሥራውም እርዱት። ሌላውን ከመመርመራችሁ በፊት ግን ራሳችሁን መርምሩ፤ ነገ ከእናንተ ወገን መምህር የሚሆን ይኖራልና፥ ያን ጊዜ የሚመረምሩት ሰዎች በእርሱ ዘንድ እውነተኛ ፍሬ ያግኙ።