ንጹሕ ደምና የወዳጅ መሣሪያ

ጦርነት ከሰው ልጅ ጋራ የኖረ ክፉ ነገር ነው። ነገር ግን በክፉም ነገር ውስጥ ወሰን አለ፤ ወሰኑም መሣሪያ ያነሣውን ካላነሣው መለየት ነው። አባታችን አብርሃም ሰዶም ልትጠፋ በቀረበች ጊዜ ከአምሳ ጀምሮ እስከ ዐሥር እየቀነሰ የለመነው፥ ጻድቁ ከኃጥኡ ጋራ በአንድነት እንዳይጠፋ ብሎ ነበር። ስለዚህ ሰላማዊውን ከጦረኛው መለየት ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ ትምህርት አይደለም፤ በጉባኤያችን ሲነበብና ሲተረጐም የኖረ ነገር ነው።

ይህን የምናነሣው የምዕራብ ጎጃም ዋና ከተማ በፍኖተ ሰላም ላይ ስለ ደረሰው ነገር ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ዕለቱ እሑድ፥ ወራቱም ጾመ ፍልሰታ ነበር። በአገሩ በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ይደረግ ነበር፤ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀም ዐሥር ቀን አልሞላም። በዚያ ቀን ሕዝብ በሚበዛበት በከተማው መካከል ፍንዳታ ሆኖ፥ ቢያንስ 26 ሰዎች እንደ ሞቱና ከ50 የሚበልጡ እንደ ቈሰሉ ከሆስፒታሉ ለዜና ሰዎች ተነገረ። ያዩትም ሰዎች ሰው አልባ አይሮፕላን የጣለው ነው አሉ። በማግሥቱ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በደብረ ብርሃን ከተሞች በዙሪያቸውም በተደረገ ድብደባ ሰላማውያን ሰዎች እንደ ተጐዱ የታመነ ወሬ የደረሰው መሆኑን ገለጠ።

እንዲህ ያለውን ነገር ኢትዮጵያ ዛሬ አዲስ አልሰማችውም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀንም በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሰፈር በቦምብ ጠፋ። ኢጣልያ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን ውል ከፈረሙት አንዷ ሳለች፥ ጋዙን በሠራዊትም በባላገርም ላይ አፈሰሰችው። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ሲናገሩ፥ ክሳቸው ስለ ተወሰደው መሬት ብቻ አልነበረም፤ ከብቱም ውሃውም ግጦሹም ሰላማዊውም ሰው በመርዝ ስለ መመታቱ ነበር። በዚያን ቀን አገራችን ለዓለም ሁሉ ያቀረበችው መስፈሪያ ዛሬ በራሷ እጅ ይገኛል። ሌላውን የሰፈርንበትን መስፈሪያ ለራሳችን ጊዜ ልንሰብረው አይገባንም።

ስለ ባዕድ ወዳጅነትም ከዚያው ዘመን የምንማረው አለ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1931 ዓ.ም. የኢጣልያን ወረራ ዐውቆ ተቀበለ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ የፈሰሰው ደም ይህን አልከለከለውም። ኢጣልያ በሰኔ 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ጦር ባወጀች ጊዜ ግን ያው መንግሥት ወዳጃችን ሆነ፤ የእንግሊዝ፥ የሱዳንና የኢትዮጵያ ጭፍሮችም ከጎጃም አርበኞች ጋራ ተባብረው በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጠላትን ከቡሬ አስለቀቁት። ርዳታው እውነተኛ ነበር፤ ምስጋናም ይገባዋል። ነገር ግን ወዳጅነቱ የመጣው በጥቅም መገናኘት እንጂ ስለ ሟቾቹ በማዘን አልነበረም። እንግዲህ ባዕድ ወዳጅ መሣሪያ ሊሰጥ ይችላል፤ ኅሊና ግን አይሰጥም።

ኅሊና የራስ መሆኑን ደግሞ በዚያው ዓመት አየን። ንጉሠ ነገሥቱ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አልፈው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፥ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስና የጠላትን ግፍ እንዳይከተል አዘዙ። በከተማው ብዙ ኢጣልያውያን ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያን ያህል ግፍ ለሠራ ባዕድ ቤተ ሰብ የተጠበቀው ምሕረት፥ ለገዛ ወንድም ልጅ ቢነፈግ ምን መልስ ይኖረናል?

በሁለተኛው ዜና መዋዕል እንደ ተጻፈው፥ የይሁዳ ንጉሥ አሳ ከቤተ መቅደሱ ብርና ወርቅ አውጥቶ ለሶርያው ንጉሥ ለወልደ አዴር ላከ፤ ያም ጭፍሮቹን ልኮ የእስራኤልን ከተሞች መታ። አሳ የገዛው ኃይል የወደቀው በወንድሞቹ ከተሞች ላይ ነው። ነቢዩ አናኒ ስለዚህ ነገር ሲገሥጸው ንጉሡ ተቈጥቶ አሰረው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከቱርክ ጋራ የወታደር ትብብር ውል ተፈራርማለች። ለመንግሥት መሣሪያ መግዛትና ወዳጅ ማብዛት የተፈቀደ ነው። ነገር ግን መሣሪያው በሩቅ አገር ቢሠራም፥ ኢላማውን የሚመርጠው እጅ የሩቅ አይደለም። የሸጠውም ወዳጅ ወዴት እንደሚተኰስ እያወቀ ዝም ያለ እንደ ሆነ ከኃላፊነቱ ነጻ አይወጣም።

ታጣቂው በሕዝብ መካከል ተደብቋል የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በሕዝብ የሚሸሸግም ታጣቂ በደለኛ ነው። ሆኖም የአንዱ በደል የሌላውን ግዴታ አይሽርም። የጄኔቭ ስምምነቶች ነሐሴ 6 ቀን 1941 ዓ.ም. ተፈርመው ኢትዮጵያ በ1962 ዓ.ም. አጽድቃቸዋለች፤ በአገር ውስጥ ጦርነት ሰላማውያንን የሚጠብቀውንም ተጨማሪ ውል በ1986 ዓ.ም. ተቀብላለች። በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 መሠረት እነዚህ ውሎች የአገሪቱ ሕግ ክፍል ናቸው። የፍኖተ ሰላም ሰዎች የሞቱት ውሎቹ በተፈረሙ በሰባ አራተኛው ዓመት ማግሥት ነው።

ስለዚህ ሹማምንት ሆይ፥ ከእናንተ የሚፈለገው ሟቹን በስሙ መቍጠር፥ ትእዛዙን ማን እንደ ሰጠ መመርመር፥ ለቈሰለውና ለሙት ልጅ ካሣ መክፈል፥ መሣሪያም ሲገዛ የሰላማዊውን ሰው ጥበቃ በውሉ ውስጥ ማግባት ነው። ካህናት ሆይ፥ ፍትሐቱን ያደረሳችሁ፥ ተዝካሩን ያያችሁ፥ የሟቹን የክርስትና ስም የምታውቁ እናንተ ናችሁ። መርማሪ በመጣ ጊዜ ያን ስም ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ፥ የገደለው ማንም ይሁን ማን፥ መስክሩ። የፍኖተ ሰላም ስም የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ወደዚያ መንገድ የሚመለሰው የሟቹን ስም መስማት የማይፈራ መንግሥትና ሕዝብ ነው።