የሣር ቤት ቃጠሎ፦ ጥንቃቄውም መረዳጃውም አስቀድሞ ይታሰብበት

በደጋና በወይና ደጋው የአገራችን ክፍል የሣር ክዳን ቤት ለቃጠሎ እጅግ የሚጋለጠው እህል ተወቅቶ ጎተራ በሚገባበት ወቅት ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ክዳኑ ደርቋል፤ ነፋሱ ይበረታል፤ የጭድና የገለባው ክምር በየደጁ ቆሟል። በዚህ ጊዜ የሚነሳ እሳት የዓመቱን ልፋትና የመጪውን ክረምት ዘር፣ አልፎም ከቤቱ ውስጥ ታስሮ የሚያድረውን በሬ ይዞ ይሄዳል።

መነሻው ግን ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። ክብሪት ያለቀባት እናት ልጇን ከጎረቤት እሳት እንዲጭር ትልካለች፤ ልጁም ፍሙን በገል ወይም በኩበት ይዞ በነፋስ መካከል ይሮጣል። ፍንጣሪው ከአጥር ጥግ ሲያርፍ ያየ የለም። ፍም መውሰድ ግድ ከሆነ አዋቂ ሰው ክዳን ባለው ሸክላ ይዞት ይሂድ። ከምድጃ የሚወጣው አመድም ላዩ የቀዘቀዘ ቢመስልም ውስጡ ረመጥ ይዞ ያድራልና ከቤት ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ተደፍቶ አፈር ሊለብስ ይገባል። በኩራዝ ውስጥ በላምባ ፈንታ ቤንዚን መጨመር ደግሞ ቤትን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ያጠፋል።

የክምሩ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ገበሬው ክምሩን ከደጁ የሚያቆመው ሌባና ከብት እንዳይደፍረው ነው፤ «አርቀህ ከምር» ብቻ የሚል ምክር ሰሚ አያገኝም። የሚሻለው ጎረቤታሞች ከቤት ራቅ ያለ ሜዳ መርጠው፣ በክምርና በክምር መካከል ሰፊ ክፍተት ትተው፣ ጥበቃውን በተራ መያዛቸው ነው።

እሳቱ ከተነሳ ቅድሚያው ለሰው ሕይወት ነው። የከብቱ ማሰሪያ በጨለማና በጭስ መካከል በአንድ ስበት የሚፈታ ቋጠሮ ይሁን። የተያያዘን የሣር ክዳን በጥቂት እንስራ ውሃ ማዳን ስለማይቻል ያለው ውሃ ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ላሉት ጎረቤት ቤቶች ይዋል፤ የረጠበ ጆንያም ክዳናቸው ላይ ይነጠፍ።

ኪሣራውን በተመለከተ የመድን ድርጅቶች የእሳትና የመብረቅ ዋስትና ይሸጣሉ። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ ከ1986 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የግል ኩባንያዎችም በሥራው ተሰማርተዋል። ይህ ዋስትና ይበልጥ የሚያመቸው ለኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘንና ለወፍጮ ቤት ነው። መሪዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መጋዘን አረቦን ለመቀነስ ሲባል በ500 ሺህ ብር ከተመዘገበ፣ የ200 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ በአብዛኛው የሚከፈለው 100 ሺህ ብቻ ነው።

ለጎጆው ግን ዋስትናው ጎረቤት ነው። እድር በአብዛኛው ለቀብር የተመሠረተ ቢሆንም ለቃጠሎና ለከብት ሞት የሚረዱም አሉ። ደቦውም ቤት ያቆማል። ችግሩ እርዳታው ከአደጋው በኋላ በልመና መልክ ሲሰበሰብ ነው፤ ዘመድ የበዛለት ብዙ ያገኛል፤ ባሏ የሞተባት ድሃ ሴት ደግሞ ከሁለት ቁና አታልፍም። መጠኑ አስቀድሞ ተወስኖ በመዝገብ ከሰፈረ ይህ አድልዎ ይቀራል። 200 አባወራና እማወራ ባሉበት ቀበሌ እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ እህል ቢያዋጡ 10 ኩንታል ይሆናል፤ ይህም አንድን ቤተሰብ እስከ አዝመራ ሊያደርስ የሚችል ነው።

ሲመከርበት ክርክር መነሳቱ አይቀርም። «በቸልታው ቤቱን ላቃጠለስ እንከፍላለን?» የሚል ይኖራል። ልጆቹ ግን አላቃጠሉም፤ ስለዚህ እህሉን ሰጥቶ፣ አመድ ጉድጓዱንና ክምሩን አስተካክሎ እንዲሠራ ማስገደዱ ይሻላል።

ዛሬም በብዙ ቦታ ገበሬ ማኅበር እየተባለ የሚጠራው የቀበሌ አመራር ከእህሉ ሌላ ሣሩንም ማሰብ ይኖርበታል። በመጋቢት ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሰኔ ሳይገባ ክዳን ያስፈልገዋል፤ በዚያ ወቅት ግን የሚታጨድ ሣር የለም። ከየቤቱ አንዳንድ ሸክም ተዋጥቶ ከመንደሩ ርቆ ሊቀመጥ የሚችለው በኅዳር አጨዳ ጊዜ በመሆኑ፣ ውሳኔው በጥቅምት ስብሰባ መያዝ አለበት።