በቃል ያደረ መጽሐፍ

ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. እኛ ለአስተርዮ ማርያም ንግሥ ደፋ ቀና ስንል፣ ህንድ ውስጥ በፕራያግራጅ ከተማ ጋንጀስና ያሙና ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ ሊነከር የጎረፈው ሕዝብ ገና በሌሊቱ ተረጋግጦ ቢያንስ 30 ሰው ሞተ። ይህ የሂንዱዎች በዓል፣ ታላቁ ኩምብ ሜላ፣ ፕራያግራጅ ላይ በ12 ዓመት አንዴ ይመጣል። ያን ዓመት ከጥር 5 እስከ የካቲት 19 ቆይቶ ሲያበቃ የግዛቱ መንግሥት ከ660 ሚሊዮን በላይ ሰው ወንዙ ገብቷል አለ። ደጋግሞ የገባው ደጋግሞ ካልተቆጠረ በቀር እንዲህ ያለ አኃዝ ለማመን ይከብዳል።

ህንድ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ህንዶች ብዙ ናቸው። ታዲያ ከእነዚያ መምህራን ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ህንድን አወቅን እንጂ ሂንዱን አላወቅንም። ከእብናት ብዙም በማይርቀው ደንቀዝ የአፄ ሱስንዮስን ቤተ መንግሥት የሠራው አብደል ከሪም የሚባል ባንያን እንደሆነ ዜና መዋዕሉ ይናገራል። ባንያን ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የጉጃራት ሂንዱ ነጋዴ ነው፤ ስሙ ግን የእስላም ነው። እዚህም ሂንዱው አመለጠን።

የሂንዱ እምነት መሥራች ነቢይ የለውም። በኢንደስ ሸለቆ የነበሩት የሞሄንጆ ዳሮና የሐራፓ ከተሞች ጽሑፍ እስከ ዛሬ ስላልተፈታ፣ ከዚያ ምን ያህሉ እንደተወረሰ የሚደረገው ሙግት ማብቂያ የለውም። አማልክቱን፣ ቪሽኑንና ሺቫን፣ እናት አምላኮቹን፣ ፑጃ የሚሉትን የቤት ውስጥ አምልኮ፣ አስከሬን የማቃጠሉን ሥርዓት በህንድ ፊልም ያላየ ጥቂት ነው፤ ልለፈው።

ማለፍ የማልችለው ቅዱሳት መጻሕፍታቸውን፣ ቬዳን ነው። ከአራቱ ቬዳዎች ቀደምቱ ሪግቬዳ 1,028 መዝሙሮች አሉት፤ ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 1000 ባለው ዘመን እንደተደረሰ ይገምታሉ። ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው ግን በብራና ላይ ሳይሆን በሰው አፍ ነው። ፑኔ ከተማ ከሚገኙትና ዩኔስኮ ከመዘገባቸው 30 የሪግቬዳ ጽሑፎች ቀደም ያለው ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1464 ነው። ታዲያ እንዴት ሳይዛባ ደረሰ? ተማሪው መጀመሪያ እንዳለ ይሸመድዳል፤ ቀጥሎ ቃላቱን ይነጣጥላል፤ በመጨረሻ ጋና በሚባለው ስልት ይሸምናቸዋል፦ አንድ ሁለት፣ ሁለት አንድ፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ ሦስት ሁለት አንድ፣ አንድ ሁለት ሦስት። ከዚያ ከሁለተኛው ቃል ተነሥቶ እንደገና። አንዲት ቃል ብትጎድል መምህሩ እዚያው ይይዛታል። የድምፁ ከፍታና ዝቅታ ሳይቀር የትምህርቱ አካል ነው።

ጋይንት ቤተልሔም ድጓ ያስመሰከረ፣ ወይም ደብረ ታቦር ኢየሱስ ተክሌ አቋቋም የቀጸለ ሰው ይህን ሲሰማ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። የኔታ ፊት ተቀምጦ ሲታረም ያደገ፣ ጆሮ ከዓይን የበለጠ መጽሐፍ ሊይዝ እንደሚችል ያውቀዋል። ልዩነቱ የእኛዎቹ ብራናውንም አለመጣላቸው ነው።

ከቬዳ በኋላ የመጡት ኡፓኒሻዶች ፍልስፍና ናቸው፤ ራማያናና ማሃብሃራታ ደግሞ ተረክ። 18 ምዕራፍ ያለው ባጋቫድ ጊታ የማሃብሃራታ ክፍል ሲሆን ጋንዲ ከእጁ አይለየውም ነበር። ተራው አማኝ የሚኖረው በእነዚህ ነው እንጂ በቬዳ አይደለም።

በቬዳ የማይኖርበት ምክንያትም አለ። ጋውታማ የተባለው ጥንታዊ የሕግ መጽሐፍ ሆን ብሎ ቬዳ ያዳመጠ ሹድራ፣ ማለትም የዝቅተኛው መደብ ሰው፣ በጆሮው የቀለጠ ማዕድን እንዲፈስበት ያዝዛል። ያን ሁሉ ትውልድ ቃሉን የጠበቀው ጥንቃቄ በሩንም ዘግቶ ነው የኖረው፤ የማስታወስ ጥበቡን እያደነቁ ይህን መዝለል አይገባም። ከመደቦቹ ሁሉ በታች ከተደረጉት ከዳሊት ወገን የተወለደው አምበድካር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1927 የማኑን ሕግ የተባለውን ሌላ ጥንታዊ የሕግ መጽሐፍ በአደባባይ አስቃጠለ፤ በ1956 ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተከታዮቹን ይዞ ናግፑር ላይ ወደ ቡድሂዝም ገባ። ዛሬ በዚያው የጥንቱ ጽሑፍ በሚገኝበት በፑኔ ሴቶች ሥርዓቱን ተምረው ሰርግ ያስፈጽማሉ፤ ጥንት እነሱም ቬዳን እንዳይማሩ ከተከለከሉት መካከል ነበሩ።